ሽንታቸው ስለጠራ ብቻ አትጠብቁ

እህቴ፣ ሌሎችም እንዲረዱት ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። አባትሽ ስልሳዎቹን አልፈዋል፣ ድሮ ቆዳ ፋብሪካ ነበር የሚሠሩት፣ ሲጋራም ለረጅም ጊዜ አጭሰዋል። ባለፈው ወር ሽንታቸው ቀላ። ምንም አላመማቸውም። ከፋርማሲ ሲፕሮ የሚባለው የኢንፌክሽን መድኃኒት ተገዝቶላቸው ወሰዱ፣ በማግስቱ ጠራ። አሁን «ቀይ ስር በልቼ ነው፣ ደግሞም ለቆኛል» ብለው ጤና ጣቢያ አልሄድም አሉ። አንቺም እንደገና እስኪታይ እንጠብቅ ወይ፣ ደግሞስ ክፉ ነገር ቢሆን እንዴት ነው የምንነግራቸው ብለሽ ነው የጠየቅሽው።

አትጠብቁ። መልሴ ይኸው ነው፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ምክንያቱ ነው። በዚህ ሳምንት ይሂዱ። ላስፈራራሽ አይደለም፤ ሽንታቸው ላይ ደም ካዩ ሰዎች አብዛኞቹ ካንሰር የለባቸውም፣ ጠጠር ይሆናል፣ ኢንፌክሽን ይሆናል፣ በሳቸው ዕድሜ ደግሞ የፕሮስቴት ማበጥም ሊሆን ይችላል። ግን ዕድሜያቸው የገፋ፣ ለዓመታት ያጨሱ፣ ቆዳ ፋብሪካ የሠሩ ሰው ላይ ሳያም የመጣ ደም የሽንት ፊኛ ካንሰር አለመሆኑ መረጋገጥ ያለበት በምርመራ ነው። በመጥራቱ አይረጋገጥም።

ይህን የምለው ባለቤቴ በዚሁ በሽታ ስለታከመ ነው። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ቃሊቲ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቀለም ሲረጭ የኖረ ሰው ነው፤ ያኔ አፍና አፍንጫ መሸፈን የሚባል ነገር አልነበረም፣ እጁንም በቲነር ነበር የሚታጠበው፣ ሲጋራም ነበረው። ደሙ መጀመሪያ ሲታይ ልክ እንዳባትሽ ነው። መጣ፣ ጠፋ። ሰፈራችን ያለ አንድ ክሊኒክ ሽንቱን እንኳ በማይክሮስኮፕ ሳያይ ኢንፌክሽን ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠው። ጠራ። ከወራት በኋላ ተመልሶ መጣ፣ ሌላ መድኃኒት ተሰጠው፣ እንደገና ጠራ። ሰውን የሚያታልለው ይኸ ነው፤ መድኃኒቱ የሠራ ይመስላል። ደሙ ግን መድኃኒት ቢወሰድም ባይወሰድም ለጊዜው ይቆማል።

ለምን እንደሚቆም ያስረዳን በኋላ ያየው የዩሮሎጂ፣ ማለትም የሽንት አካላት፣ ሐኪም ነው። ዕጢው ፊኛው ውስጥ ሲያድግ የራሱ ቀጫጭን የደም ሥሮች ያበጃል፣ ሥሮቹ ስስ ናቸው፤ አንዱ ሲበጠስ ይደማል፣ ደሙ ሲረጋ ይደፈናል፣ ሽንቱም ይጠራል። ዕጢው ግን እዚያው ነው። አንዱ ሰው ላይ ለሳምንት፣ ሌላው ላይ ለወራት ሳይደማ ይቆያል። ገና ትንሽ እያለ ደግሞ አያምም። እኛ ጋ ደግሞ ካላመመ በሽታ አይባልም፣ ሰው ሥራ ገብቶ እንጀራውን በልቶ እስካደረ ድረስ ደህና ነው ይባላል። አባትሽም «ምንም አላመመኝም» ሲሉሽ የሚያጽናናሽ ነገር አድርገሽ አትውሰጂው። በዚህ በሽታ ላይ ሕመም የሌለው ደም ነው ይበልጥ የሚያሳስበው። ጠጠርና ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ ያማሉ፣ ያቃጥላሉ፣ ስለዚህ ቶሎ ይታወቃሉ።

አሁን ደግሞ ማንም የማያወራውን ነገር ልንገርሽ። እኛ ዳር ከተማ የምንኖር ሰዎች ሽንታችንን አናየውም። ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ነጭ ሳህን ላይ ያየዋል። በጉድጓድ ሽንት ቤት የሚጠቀም ግን፣ ያውም መብራት በሌለበት፣ ምን ያያል? ሜዳ ላይ የሚሸና ወንድም እንዲሁ፣ አፈር ላይ ቀለሙ አይለይም። እና አባትሽ «አንድ ጊዜ ብቻ ነው» ቢሉ ያዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ማለት ነው። ግልጽ የሆነ የሃይላንድ ጠርሙስ አፉን ሰፋ አድርገሽ ቁረጪና ስጫቸው፣ ለጥቂት ቀናት ጠዋት ጠዋት እሱ ላይ ይሽኑና በብርሃን ይዩት። ደማቅ ቀይ ብቻ አትጠብቂ። ሮዝ ሊሆን ይችላል፣ የሥጋ እጣቢ ሊመስል ይችላል፣ ደሙ ከቆየ ደግሞ ወደ ቡናማ ይጠቁራል። የረጋ ደም ቁርጥራጭም ሊወጣ ይችላል። ቀለሙ ከተለወጠ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ ለሐኪሙ ስታሳዪው ብዙ ንግግር ያሳጥራል። ይህ ሁሉ ግን ወደ ሕክምና እየሄዳችሁ የምታደርጉት ነው፣ የመሄጃ ቀን መቁጠሪያ እንዳይሆን። በዓይን የማይታይ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚገኝ ደምም አለና።

ስለ ቀይ ስር ያሉት እውነት ነው፣ በተለይ በጾም ሰሞን ብዙ ከተበላ ሽንት ያቀላል። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ሪፋምፒሲን የሚባለው ሽንቱን ብርቱካንማ ቀይ ያደርገዋል፣ እሱ ደም አይደለም። ግን ይህን ለመለየት መከራከር አያስፈልግም። ተራ የሽንት ምርመራ ቀይ የደም ሴል መኖር አለመኖሩን በዚያው ቀን ይናገራል። ቀይ ስር ከሆነ ሴሉ አይገኝም፣ አለቀ። የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ «መድኃኒቱ ነው ያደማኝ» ብለው ይተዉታል፤ እነሱም መመርመር አለባቸው፣ ምክንያቱም ማቅጠኛው ተደብቆ የነበረውን ዕጢ ሊያደማው ይችላል።

ከደም ሌላ ያሉት ምልክቶች ከኢንፌክሽን ጋር ስለሚመሳሰሉ ነው አስቸጋሪ የሆኑት። ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ሌሊት ደጋግሞ መነሣት፣ ሲመጣ መያዝ አለመቻል፣ ማቃጠል፣ ሽንት ቀጠን ብሎ መውረድ። እነዚህ ብቻቸውን ሲመጡ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ናቸው። ኢንፌክሽን ተብሎ ታክሞ ካልለቀቀ ወይም እየተመላለሰ ከመጣ ግን ሌላ መድኃኒት መቀያየሩ ይቁምና ፊኛው ይታይ። በሽታው ከገፋ በኋላ ደግሞ የጎን ሕመም፣ የእግር እብጠት፣ ክሳት፣ የአጥንት ሕመም ይመጣል። እዚያ ድረስ መጠበቅ የለበትም።

እና ይኼ የሲፕሮ ነገር። እህቴ፣ በዚህ በጣም ነው የምናደደው። ከፋርማሲ ያለ ምርመራ የሚገዛ መድኃኒት ኢንፌክሽን ቢኖር እንኳ የትኛው ተሕዋስ እንደሆነ ሳይታወቅ የሚወሰድ ነው፣ ካንሰር ከሆነ ደግሞ ጊዜ ከመብላት በስተቀር የሚሠራው የለም። ሽንት በላብራቶሪ ይታይ፣ ከተቻለ ተሕዋሱን አብቅሎ የሚለየው የካልቸር ምርመራም ይሠራ። የእንግሊዝ የሐኪሞች መመሪያ ዕድሜው 45 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ኢንፌክሽን ሳይኖርበት በዓይን የሚታይ ደም ከሸና፣ ወይም ኢንፌክሽኑ ታክሞም ደሙ ከቀጠለ ወይም ከተመለሰ፣ በአስቸኳይ ለካንሰር ምርመራ ይላክ ይላል። አባትሽ ከዚያ ዕድሜ ብዙ አልፈዋል።

«ለምን እሳቸውን?» ብለሽ ነበር። በሽታው ከሴት ይልቅ ወንድ ላይ ከ3 እስከ 4 እጥፍ ይበዛል፣ አብዛኛው ታማሚም ከ55 ዓመት በላይ ነው። ትልቁ ምክንያት ሲጋራ ነው፤ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ላይ መነሻው እሱ ነው። ሰው ሲጋራን ከሳንባ ጋር ብቻ ያያይዘዋል፣ ፊኛን ማንም አያስብም። ነገሩ ግን ቀላል ነው። የጭሱ መርዝ ከሳንባ ወደ ደም ይገባል፣ ኩላሊት ከደም ያጣራዋል፣ ሽንት ውስጥ ይከማቻል፣ ፊኛ ደግሞ ያንን ሽንት ለሰዓታት ይዞ ይቆያል። የፊኛው ውስጠኛ ሽፋን ቀኑን ሙሉ መርዙ እየነካው ነው የሚውለው፣ ካንሰሩም ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከዚያው ሽፋን ነው። ካቆሙ መቆየታቸው ይጠቅማቸዋል፣ አደጋው ይቀንሳል፣ ግን ዜሮ አይሆንም።

የፋብሪካውም እንዲሁ ነው። ማቅለሚያ፣ ጎማ፣ ቆዳ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቀለም የሚሠሩ ሰዎች ላይ ይህ ካንሰር እንደሚበዛ የታወቀው ዛሬ አይደለም፤ ሉድቪግ ሬን የሚባል ጀርመናዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1895 ነው የማቅለሚያ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ አይቶ የተናገረው። ተጠያቂዎቹ አሮማቲክ አሚን የሚባሉ ኬሚካሎች ናቸው፣ ያኔ የነበሩት ዋና ዋናዎቹ በብዙ አገር ታግደዋል። በሽታው ግን ከተጋለጡ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አንዳንዴ ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው ብቅ የሚለው። ከአቃቂ እስከ ሞጆ ስንት ሰው ነው ቆዳ ሲያለፋ፣ ክር ሲያቀልም፣ መኪና ሲቀባ ያረጀው? ስለዚህ አባትሽ ካርድ ሲያወጡ «ጡረተኛ» ብለው ብቻ እንዳያልፉት። ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ የትኛው ክፍል እንደነበሩ፣ ስንት ዓመት እንደሠሩ፣ ስንት ዓመት እንዳጨሱ በወረቀት ጽፈሽ ስጪው። ባለቤቴን ሥራህ ምን ነበር ብሎ የጠየቀው የመጀመሪያው ሰው ጤና ጣቢያ ያገኘነው ወጣት ጤና መኮንን ነው፣ ወዲያውም ሪፈር የጻፈለት እሱ ነው።

አንዷ እህት ቢልሃርዚያ (ከወንዝና ከሐይቅ ውሃ የሚይዘው የትል በሽታ) ያመጣዋል ይባላል ብላ ጽፋለች፣ ልክ ናት ግን አንድ ነገር ይለይ። እኛ አገር በብዛት ያለው፣ ጣናና ዝዋይ አካባቢ የሚታወቀው፣ የአንጀት ቢልሃርዚያ ነው፤ እሱ ፊኛን አይመለከትም። የሽንት ቢልሃርዚያ የሚባለው ሌላ ዓይነት ነው፣ የሚገኘውም በአፋር አዋሽ ሸለቆ፣ በታችኛው ዋቢ ሸበሌና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ኩርሙክ አካባቢ ነው። እሱ ለዓመታት ሳይታከም ሲቀር ፊኛን እያቆሰለ ሌላ ዓይነት የፊኛ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። አባትሽ በወጣትነታቸው አፋር የጥጥ እርሻ ሠርተው ከሆነ ለሐኪሙ ይነገር።

እንግዲህ አካሄዱ። በጤና መድን የሚታከሙ ከሆነ ከጤና ጣቢያ ነው የሚጀምሩት፣ ሪፈሩም ከዚያ ነው የሚጻፈው። የሽንት ምርመራ፣ የኩላሊት ምርመራ፣ የደም መጠን፣ ከዚያ አልትራሳውንድ። አልትራሳውንድ ሲነሡ ፊኛቸው መሙላት አለበት፣ ውሃ ጠጥተው ሽንታቸውን ይዘው ይግቡ፤ ፊኛ ባዶ ከሆነ ግድግዳው ተሸብሽቦ ዕጢ ቢኖርም አይለይም። ሰው ተራ ሲጠብቅ ይሸናና ባዶ ፊኛ ታይቶ «ንጹሕ ነው» ይባላል። ደግሞ ሞልቶም ቢሆን አልትራሳውንድ ትንሽ ወይም ጠፍጣፋ ዕጢ ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ «ምንም አልታየም» ከተባለና ደሙ ግን ምክንያት ካልተገኘለት፣ ዩሮሎጂ ክፍል እንዲልኳችሁ በአክብሮት ጠይቁ፣ ተስፋ አትቁረጡ።

ቁርጡን የሚያሳውቀው ሲስቶስኮፒ ነው። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫው ገብቶ ፊኛው ውስጡ ይታያል። ወንዶች ይህን ሲሰሙ ነው የሚሸሹት፣ ባለቤቴም ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። በሚያደነዝዝ ጄል ነው የሚሠራው፣ ደስ አይልም ግን ብዙም አይቆይም፣ ከዚያ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ሲሸኑ ያቃጥላል፣ ውሃ መጠጣት ይረዳል። እንግዳ ሐኪም ፊት መራቆቱ ነው ይበልጥ የሚከብዳቸው፣ አባትሽ ወንድ ልጅ ወይም ወንድም ካላቸው አብሯቸው ይግባ። ሌላም የሚደብቁት ፍርሃት አለ፤ የሽንት ነገር ሲነሣ ጨብጥ ነው የሚሉን ብለው ይሳቀቃሉ። ከዚህ ጋር አይገናኝም፣ ይህንንም ሰው በሌለበት በለሆሳስ ንገሪያቸው።

ዕጢ ከተገኘ በማደንዘዣ በዚያው በሽንት ቧንቧ በኩል ተፍቆ ይወጣል፣ ሆድ አይቀደድም። የወጣው ናሙና በማይክሮስኮፕ እንዲመረመር ወደ ፓቶሎጂ ይላካል። የፓቶሎጂው ወረቀት ሲመጣ ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቂው፦ የፊኛው ግድግዳ ጡንቻ ናሙናው ውስጥ አለ ወይ፣ ካንሰሩስ ጡንቻው ውስጥ ገብቷል ወይ? ሁሉ ነገር እዚህ ላይ ነው የሚለየው። ከ10 ታማሚዎች 7 ያህሉ ሲገኙ ጡንቻውን ገና አልነካም፣ የእነሱ ሕክምና ፊኛቸውን ይዘው ነው። ጡንቻ ውስጥ ከገባ ግን ፊኛን ሙሉ በሙሉ ማውጣት፣ ኬሞ፣ ጨረር ይመጣል፣ ነገሩ ይከብዳል። የጠፉት ወራት ዋጋ የሚያስከፍሉት በዚህ ነው። ባለቤቴ የተገኘው ጡንቻው ሳይነካ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያን ወጣት ጤና መኮንንም ያክብርልኝ።

ከዚያ በኋላ ለአንዳንዱ ቢሲጂ ይሰጣል። አዎ፣ ልጆቻችን እንደተወለዱ ክንዳቸው ላይ የሚወጉት የቲቢ ክትባት የሚሠራበት ያው ተሕዋስ ነው። በቱቦ ፊኛ ውስጥ ይገባል፣ ሰውዬው ሁለት ሰዓት ያህል ይዞት ይቆይና ይሸናዋል፣ በመጀመሪያ በየሳምንቱ ለ6 ሳምንት። የሰውነት መከላከያ እዚያው ፊኛው ላይ እንዲነቃ ነው የሚያደርገው። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ነው ለዚህ ሲያገለግል የኖረው። መድኃኒቱ ሁልጊዜ አይገኝም፣ ስለዚህ ከቀጠሮው ቀደም ብሎ መኖሩን መጠየቅ ጥሩ ነው። ይህ ካንሰር ተመልሶ መምጣት ይወዳል፣ ክትትሉ ለዓመታት ነው፣ የመጀመሪያው የካሜራ ቀጠሮ በ3 ወር ግድም ነው። ደህና ነኝ ብሎ ቀጠሮ መዝለል እዚህ ላይ አይሠራም።

ስለ መንገሩ ጉዳይ። ቤተሰብ ካንሰር የሚለውን ከታማሚው ይደብቃል፣ እንደ መርዶ ነው የምናየው፣ ይገባኛል። ግን እዚህ በሽታ ላይ መደበቅ አይሆንም፣ ምክንያቱም በየ3 ወሩ ካሜራ የሚገባበት ሰው ለምን እንደሆነ ካላወቀ በሁለተኛው ቀጠሮ ይቀራል። አሁን ግን ገና ምንም አልታወቀምና «ካንሰር» ብለሽ አትጀምሪ። «አባዬ፣ ደሙ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ለኔ ብለው ይታዩልኝ» በያቸው። አባት ለራሱ ያልሄደውን ለልጁ ብሎ ይሄዳል። ጠበልም እጠመቃለሁ ካሉ ይጠመቁ፣ ተልባና የገብስ ውሃም ይጠጡ፣ ማንም አይከለክላቸውም። ምርመራው ግን ከእነሱ በፊት ወይም ከእነሱ ጋር ነው እንጂ ከእነሱ በኋላ አይሁን።

እናቶቻችሁንም አትርሱ። ሴት ላይ ቁጥሩ ያንሳል ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚገኘው፤ ደሙ የማሕፀን ይመስላል፣ ወይም በየጊዜው «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን» እየተባለ መድኃኒት ይሰጣል። የወር አበባዋ የቆመ ሴት ደም ካየች ከየትኛው እንደመጣ ይጣራ፣ ማሕፀንም ይታይ፣ ሽንትም ይታይ።

አንድ የማይታለፍ ነገር፦ ደም እየረጋ ሽንት ጭራሽ አልወጣ ካለ፣ ወይም ብዙ ደም ፈሶ ካዞራቸው፣ ወይም ከጎን ሕመም ጋር ትኩሳት ከመጣ ቀጠሮ የለም፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው። በአቃቂ በኩል ከሆናችሁ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ይቀርባችኋል።

የሽንት ምርመራውና የአልትራሳውንዱ ውጤት ሲወጣ እዚሁ ጻፊልኝ። ሲስቶስኮፒ ታዘዘላቸው ከተባለ ባለቤቴ ራሱ ደውሎ ሊያወራቸው ፈቃደኛ ነው፣ ወንድ ለወንድ ይሻላቸዋል፣ በግል መልእክት ስልካችሁን ላኪልኝ።